የኛ ሰው ባይሆን

እሑድ ማታ የልጄን የትምህርት ቤት ቀሚስ ስተኩስ ሆዴ ይባባል። ዛሬ ደግሞ ብሶብኛል። ውጭ ያካፋል፤ እሷ በሯን ዘግታ ከጓደኞቿ ጋር በስልክ ትስቃለች፤ እኔ ሽንሽኑን አንድ በአንድ በጣቴ እየያዝኩ ካውያውን እገፋለሁ። ያቺ እዚህ እንግሊዝ፣ ከለንደን አጠገብ ያለችው የኤፒንግ ከተማ ልጅ ትዝ አለችኝ።

ስሟን አላውቅም፤ ማወቅም የለብኝም። ያኔ 14 ዓመቷ ነበር፤ የኔዋ በሚቀጥለው ወር 14 ትሞላለች። በ2025 ሐምሌ ሲገባ ነው። ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ፒዛ እየበላች አንድ ሰው አየች፤ የራበው መሰላትና ከምትበላው አካፈለችው። እሱ ሊስማት ሞከረ። ዕድሜዋን ብትነግረው ግድ የለም አላት። በጀልባ ከገባ ሳምንት ያህል የሆነው፣ ቤል ሆቴል ያስቀመጡት ጥገኝነት ጠያቂ ነበር። አገሩ ኢትዮጵያ። ልጅቷ በኋላ ለፍርድ ቤት በሰጠችው ቃል ቀሚስ መልበስ እንደሚከብዳት ተናገረች።

ኤ. ደውላ "ሰማሽ? ሐበሻ ነው አሉ" ስትለኝ ከአፌ የወጣው "ምነው የኛ ሰው ባይሆን!" ነበር። ስለ ልጅቷ አልጠየቅኩም። ደህና ናት ወይ አላልኩም። ያን ሰሞን ሆቴሉ ደጃፍ ጥገኝነት ጠያቂዎችን የሚቃወም ሰልፍ በሰልፍ ሆኖ ስለነበር አውቶቡስ ላይ አማርኛ ሳወራ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። ልጄንም "ከየት ነሽ ካሉሽ እዚሁ ነው የተወለድኩት ብለሽ እለፊ" አልኳት። ሰውየው 12 ወር ተፈረደበት፤ በጥቅምት በስህተት ከእስር ተለቀቀና ከሁለት ቀን በኋላ ለንደን ውስጥ ተይዞ፣ 500 ፓውንድ ተሰጥቶት ወደ አገር ቤት ተላከ። ቡና ላይ ወሬው ሁሉ ስለ 500 ፓውንዱና ስለ ጠፋው ስማችን ነበር። የልጅቷን ነገር ያነሳ ሰው አልሰማሁም። እኔም አላነሳሁም።

በሰሜን እንግሊዝ ስላለችው ከተማ ስለ ሮዘርሃም ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ጉዳዩን እንድታጣራ የተሾመችው አሌክሲስ ጄይ በ2014 ባወጣችው ሪፖርት፣ ከ1997 እስከ 2013 ድረስ በዚያች አንድ ከተማ ቢያንስ 1,400 ያህል ልጆች ለወሲብ ብዝበዛ መዳረጋቸውን ገምታለች። ከደፋሪዎቹ አብዛኞቹ የፓኪስታን ዝርያ ያላቸው ወንዶች ነበሩ። በነፃ ታክሲ፣ በስጦታ፣ በመጠጥ ይጀመራል። እንናገራለን ያሉትን ቤንዚን አርከፍክፈው እናቃጥላችኋለን ብለው ያስፈራሯቸው ነበር። ልጁን ፍለጋ ሄዶ ደፋሪዎቹ ያሉበትን ቤት ያገኘ አባት፣ ፖሊስ ራሱን አባትየውን ያሰረበት ጊዜ አለ። ይሄን ያነበብኩ ሌሊት አልተኛሁም። የከተማው ምክር ቤት ሠራተኞች የሰዎቹን ዘር ማንሳት ፈርተው ነበር፤ ዘረኛ እንዳይባሉ። መንግሥት ምክር ቤቱን እንድትመረምር የላካት ሉዊዝ ኬሲ ደግሞ በኋላ እንደተናገረችው፣ በአንድ ልጅ ፋይል ውስጥ "ፓኪስታናዊ" የሚለው ቃል በነጭ የማረሚያ ቀለም ተሸፍኖ አግኝታለች።

ያ ነጭ ቀለም ነው ከዓይኔ አልጠፋ ያለው። የቀባው ሰው ክፉ አይመስለኝም። "ምነው ባይሆን" ያለ ሰው ነው። እኔ ነኝ።

ኬሲ በ2025 ሰኔ ባወጣችው ጥናት በቡድን ሆነው ልጆችን ለወሲብ ከሚበዘብዙት አጥፊዎች የሁለት ሦስተኛው ዘር በመላ አገሪቱ አልተመዘገበም ብላለች። በተመዘገበበት በጥቂት አካባቢ ግን የእስያ ዝርያ ያላቸው ወንዶች በሕዝቡ ውስጥ ካላቸው ድርሻ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ "ስደተኛ ሁሉ እንዲህ ነው" የሚለውም፣ "ዘር አታንሱ" የሚለውም ያልተቆጠረ ነገር ላይ ቆሞ ነው የሚጮኸው። ተመሳሳይ ነገር የተፈጸመባትን የሌላዋን ከተማ፣ የሮችዴልን ክስ አስታውሳለሁ። ዐቃቤ ሕግ መጀመሪያ የተወውን መዝገብ በ2011 መልሶ የከፈተው ናዚር አፍዛል የፓኪስታን ስደተኞች ልጅ ነው። በ2012 ዘጠኝ ሰዎች ተፈረደባቸው። እሱም "የኛ ሰው ባይሆን" ብሎ ይሆናል፤ ግን ፋይሉን ከፈተ።

ጄይ ሌላም ነገር ጽፋለች፤ በዚያው በፓኪስታናውያኑ ማኅበረሰብ ውስጥ የተጎዱ ሴት ልጆች እንዳሉ፣ እነሱ ግን ከሁሉም ይልቅ እንደማይናገሩ። ለምን እንደማይናገሩ እኔ ማስረጃ አያስፈልገኝም። ሰፈራችን ሳለሁ፣ 11 ወይ 12 ዓመቴ ይሆናል፣ ባለሱቁ ለጎረቤታችን ልጅ ሁልጊዜ ከረሜላ በነፃ ይሰጣት ነበር። እንቀናባት ነበር! "ምርቃት" እያለ በወረቀት ጠቅልሎ መዳፏ ላይ ሲያስቀምጥ አሁንም ይታየኛል። አንድ ቀን ሽማግሌ ተሰበሰበ፤ ልጅቷ ክፍለ ሀገር አክስቷ ዘንድ ተላከች። ሱቁ በማግስቱ ተከፈተ። እናቴን ብጠይቃት "ዝም በይ፣ የሰው ገበና ነው" አለችኝ። ስደተኛ የሚባል ሰው በሰፈሩ አልነበረም።

እዚህ ልጅን በስጦታ አለማምዶ ለማጥመድ የራሱ ስም አላቸው፤ ግሩሚንግ ይሉታል። እኛ ማባበል እንላለን። ማባበል ግን የሚያለቅስ ሕፃን ዝም የምናሰኝበትም ቃል ነው። ልጄ ይሄን በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ተምራዋለች፤ በእንግሊዝኛ ለአስተማሪዋ መናገር ትችል ይሆናል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የአማርኛው ነው። ቤታችን የሚገቡ፣ "ጋሼ" የምትላቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው "አደግሽ እኮ" የሚሏት ሰዎች አሉ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱንም አልጠረጥርም። ግን ያን ሐምሌ ከየት እንደሆነች እንድትደብቅ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ከነሱ አንዱ ክፉ ነገር ቢያደርጋት፣ ለኔ ትነግረኛለች? ወይስ እናቴ ስለ ሰው ስም የምትሳቀቅ ሴት ናት ብላ ዝም ትላለች?