ያናደደኝን ልብ ወለድ ለምን ሁለት ጊዜ አነበብኩት

መጽሐፉን የገዛሁት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከመንገድ ዳር ሻጭ ነው። የጀርባ ሽፋኑ ልብ ይሰቅላል፦ አንዲት ሴት ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ልጅነት ቤቷ ትመለሳለች፤ ጓሮው ውስጥ የተቀበረ ነገር አለ። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ተናደድኩ። መሳቢያዬ ውስጥ ተመሳሳይ ልብ አንጠልጣይ ረቂቅ ስላለኝ ጥፋቱ የቱ ላይ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ደብተር ይዤ እንደገና ጀመርኩት። ገጹን ለሁለት ከፍዬ በአንድ በኩል ሴትዮዋ የምታውቀውን፣ በሌላው በኩል ለእኛ የነገረችንን ጻፍኩ። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ነገሩ ተገለጠልኝ። ደብዳቤ ይደርሳታል፣ ታነበዋለች፣ ታለቅሳለች፤ እኛ ግን ይዘቱን የምንሰማው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። በራሷ አንደበት የምትተርክ ሴት ያነበበችውን የምትሸሽግበት ምን ምክንያት አላት? ምክንያቱ ያለው ደራሲው ዘንድ ብቻ ነው። ተራኪ መዋሸቷን አልቃወምም፤ ለምን እንደምትዋሽ ከገባን ውሸቷም ታሪክ ይሆናል።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን በልጅነቷ ከደረሰባት ክፉ ነገር የቀረባት የአእምሮ ሕመም አያያዝ ነው። ሴትዮዋ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ በሰላም ትተኛለች፣ ታፈቅራለች፤ ከዚያ አንድ ፎቶግራፍ ስታይ የረሳችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተዘርግቶ ይመጣላታል። አክስቴ በቀይ ሽብር ወንድሟን አጥታለች። የረሳችው ነገር የለም። ዛሬም በሌሊት በር ሲንኳኳ የያዘችውን ሲኒ ቀስ አድርጋ ታስቀምጣለች። መስቀል አደባባይ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅም እንዳለበት ታውቃለች፤ ታክሲው በዚያ ሲያልፍ ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት ታዞራለች። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ለዚህ ሕመም ከዘረዘራቸው ምልክቶች መካከልም ቅዠት፣ መበርገግና ትዝታ ከሚቀሰቅስ ነገር መሸሽ ይገኙበታል። እንዲህ ያለው ሕመም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በሰው አካሄድ ላይ ይታያል፤ ለመጨረሻው ምዕራፍ የሚቀመጥ ቁልፍ አይደለም።

ከዚያ ረቂቄን አወጣሁ። የእኔም ባለታሪክ የሚያስታውሰው በመጨረሻው ገጽ ላይ ነበር! አርባ ገጽ ቆርጬ ጣልኩ። ምስጢሩን ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ለአንባቢ ሰጠሁት፤ ባለታሪኩም ያውቀዋል፣ የማታውቀው ሚስቱ ናት። ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ቀና ብላ «አሁን ይነግራታል?» አለችኝ። በቀድሞው ረቂቅ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

የሲኒውን ነገር ከማስገባቴ በፊት አክስቴን አስፈቀድኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ጻፈው፤ የእሱን ስም ግን አትጻፍ» አለችኝ። አልጻፍኩም።