«ምንም አልነካሁም»

ሰኔ 26 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የውስጥ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ኮምፒውተሬ እንቢ አለ።»

እትዬ ናቸው፣ የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። እኔም በዚሁ ልቀጥል። ሰኔ መጨረሻ ሒሳብ ክፍል ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። በዚያ ሳምንት እዚያ ክፍል ውስጥ የሚስቅ ሰው የለም።

ከሦስተኛ ፎቅ ምድር ቤት ወረድኩ።

«ምን ነክተው ነው?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አልነካሁም አልኩህ እኮ!»

ይህን መልስ ያልሰማ የአይቲ ሠራተኛ የለም። ምንም አልነካሁም ያለ ሰው የሆነ ነገር ነክቷል። እሳቸውም ነክተዋል ብዬ በልቤ ፈረድኩና ካቻቢቴዬን አወጣሁ።

ማራገቢያው ይዞራል። አንዴ ጢጥ ይላል። አርማው ይመጣል። ከዚያ ጥቁር። ግራ ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ያቺ አንድ ጢጥታ እኮ በዚያ ማሽን ላይ «እኔ ጋ ሁሉም ደህና ነው» ማለት ነበረች። ሚሞሪው ቢታመም ደጋግሞ ይጮህ ነበር። ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩ ሚሞሪውን ነቀልኩ። ላጲስ ተውሼ ወርቃማ ጥርሶቹን አሸሁ፣ አቧራውን እፍ አልኩ፣ መለስኩ። ያቺ ሰረዝ አሁንም ብልጭ ድርግም።

ሁሉንም ገመድ ነቅዬ ሲፒዩውን ታቅፌ ወደ ክፍሌ ወጣሁ። (ሳጥኑን ሲፒዩ ማለት ስህተት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሳጥን ብል ግን የሚገባው የለም።) ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል። ጠረጴዛዬ ላይ ሞኒተርና ኪቦርድ ሰካሁበት። አበራሁት። ዊንዶውስ 7 ቀጥ ብሎ መጣ።

ላጲሷን ሳምኳት ብል አላጋነንኩም። ታቅፌ ወረድኩ። ጠረጴዛቸው ሥር ተንበርክኬ ገመዶቹን በዳበሳ ሰካሁ። አበራሁት። ጥቁር።

ይህ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። እላይ ይነሳል፣ ታች አይነሳም። ዲቫይደር ቀየርኩ። የኃይል ገመድ ቀየርኩ። ከሌላ ሶኬት ሞከርኩ። ከሒሳብ ሠራተኞቹ አንዷ «ዓይን በልቶት ነው፣ ጠበል ይረጭበት» አለች። እትዬ አልሳቁም። እኔም በዚያ ሰዓት ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ አልጣልኩትም።

በማግስቱ ጥገና በኮንትራት የሚሠራልን ድርጅት ባለሙያ ላከ። ስለ ልጁ ብዙ አልልም። የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፣ ፎርማት፤ ዲስኩን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን። ክፍሌ ውስጥ ማሽኑ ፊቱ ተነስቶ እያየው፣ «አሁን ቢነሳም ሃርዱ ሊሞት ነው፤ ፎርማት እናድርገው» አለኝ። የዓመት ሒሳብ ውስጡ አለ። እኔ መልስ ሳልሰጥ ፍላሹን ሰክቶ አስነሳው። የዊንዶውስ መጫኛው ድቅን አለ።

«ቆይ» አልኩት። «ከፍላሽ እንዲነሳ መቼ አዘዝከው?»

«አላዘዝኩትም። ራሱ ነው የገባው።»

ራሱ ነው የገባው። ያን ጊዜ ጀርባዬን አላበኝ። ራሱ ከገባ ዩኤስቢ ይቀድማል ማለት ነው። ዩኤስቢ እንዲቀድም ያደረገ ሰው አለ ማለት ነው። በ2004 ዓ.ም. ለዚያ ማሽን ዊንዶውስ የጫንኩት እኔ ነኝ። ከፍላሽ ነው የጫንኩት። ባዮስ ገብቼ (ማሽኑ ሲበራ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚወስነው እሱ ነው) ዩኤስቢን አስቀደምኩ፣ ጭኜ ጨረስኩ፣ ወደነበረበት ሳልመልሰው ሄድኩ።

ልጁን ፍላሹን አስነቅዬ ወደ ታች ሮጥኩ። የእትዬ ሞኒተር ጀርባ እሳቸው በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል አለ። ገለጥኩት። ከሥሩ አንድ ቴራባይት የውጭ ሃርድ ዲስክ፣ አቧራ እንዳይነካው ተሸፍኖ ተኝቷል። ሁለት ቀን ሙሉ የፕሪንተር ገመድ መስሎኝ በዳበሳ የምሰካው የእሱን ገመድ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባዮሱ ዩኤስቢ ቅደም ስለተባለ መጀመሪያ ወደ ውጭው ዲስክ ይሄዳል። የመጀመሪያዋን 512 ባይት ያነባል። መጨረሻዋ ላይ ሁለት ባይት ማህተም ካገኘ፣ ይህ የሚያስነሳ ዲስክ ነው ብሎ ያምንና ሥልጣኑን ያስረክባል። ዲስኩ ላይ ግን ፋይል እንጂ ዊንዶውስ የለም። አስረክቦ ቆሞ ይቀራል። ከዚያ ያቺ ሰረዝ ብቻ። ዲስኩም ደህና፣ ኮምፒውተሩም ደህና።

«እትዬ፣ ይሄ መቼ መጣ?»

«ከትናንት በስቲያ። ንብረት ክፍል አስፈርሞ ሰጠኝ።»

«ታዲያ ምንም አልነካሁም አሉኝ?»

መነጽራቸውን አደረጉ። መሳቢያቸውን ከፈቱ። አንድ ማስታወሻ አወጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። «ሁሉም የሥራ ክፍል የመጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ስላለበት፣ የተሰጠው ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር ሁልጊዜ እንደተያያዘ እንዲቆይና በማንኛውም ምክንያት እንዳይነቀል በጥብቅ እናሳስባለን።» ቆም አሉ። «ፊርማው የማን ነው?»

የእኔ ነው።

«አትንካው አልከኝ፤ አልነካሁትም» አሉ። ክፍሉ ውስጥ ካልኩሌተር የሚነካካ እንኳ አልነበረም፤ ሁሉም እያዳመጠ ነው። ጠበል ያለችው ልጅ ወደ መስኮቱ ዞራለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

መፍትሔው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ኤፍ 2፣ የማስነሻ ቅደም ተከተል፣ የውስጡ ሃርድ ዲስክ አንደኛ፣ ኤፍ 10። የውጭው ዲስክ ሳይነቀል ማሽኑ ተነሳ። ሒሳቡም በቀኑ ተዘጋ።

የጥገና ሪፖርቱ ላይ «በሲስተም ቅንብር ላይ የነበረ ችግር ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ። ማን እንዳስቀመጠው አልጻፍኩም። የኮንትራቱ ድርጅት ግን ለዚያ ጉብኝት የሒሳብ ጥያቄ ልኮ ነበር። እትዬ ናቸው የከፈሉት። ሲፈርሙ ቀና ብለው አዩኝ እንጂ አልተናገሩም።

ሰው ሲደውልልኝ አሁን «ምን ነካችሁ?» አልልም። «ምን የተሰካ ነገር አለ?» ነው የምለው። እንደዚያ እያልኩም አንድ እጄ ኪሴ ውስጥ ላጲስ ይፈልጋል።

ማስታወሻውንም ቀየርኩት። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚቆይ ባክአፕ ቫይረስ ሲገባ አብሮ እንደሚበላ ያኔም አውቅ ነበር፤ ለምን እንደዚያ እንደጻፍኩ አላውቅም። አዲሱ «ቅጂው እንዳለቀ ይነቀል» ይላል። እትዬ ሁለቱንም ማስታወሻዎች ከጠረጴዛቸው መስታወት ሥር ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። ለሌላ ጉዳይ ወደ ክፍላቸው በገባሁ ቁጥር ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ያሳርፋሉ።

«ልጄ፣ ዛሬ በየትኛው ልሥራ?»