ሰው ክፉ ነው ለምትሉ ጓደኞቼ፦ ዋስ አላችሁ?

የእኛ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ቁምነገር ማውራት ነውር ነው። ማንም አልደነገገውም ግን ሁሉም ያውቃል፣ ስቲከር ይላካል፣ በአርሰናል ይፎገራል፣ የሃይስኩል ፎቶ እየወጣ በሰው ፀጉር ሙድ ይያዛል፣ በቃ። ግማሾቻችን አዲስ አበባ ነን፣ አንዱ ሪያድ ሹፌር ነው፣ አንዷ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፣ ስለዚህ ሁሌም እንቅልፍ ያጣ አንድ ሰው ኦንላይን አይጠፋም። ባለፈው አንዱን መገናኛ ታክሲ ሲጋፋ ስልኩን መነተፉትና በእህቱ ስልክ ገብቶ "ሰው ሲፈጠርም ክፉ ነው" ብሎ ጻፈ። ያቺ ስክሪኗ የተሰነጠቀችዋ ናት? እንግዲያ የተጎዳው ሌባው ነው ተባለ፣ ተሳቀ፣ አለቀ ስንል ሌላኛው ሲሪየስ ሆኖ "ግን እኮ እውነቱን ነው" አለ። በዛው ቀለጠ፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የተኛ የለም።

መጀመሪያ የገረመኝ "ሰው ክፉ ነው" የሚለው ወሬ ብዙ ሳይቆይ "ሀበሻ ክፉ ነው" ሆኖ ቁጭ አለ። ሁሌም እንደዚህ ነው አይደል? ምቀኛ አታሳጣኝ ተጠቀሰ፣ ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ተጠቀሰ፣ ከዛ ያው የማይቀረው ቀልድ መጣ፣ መልአክ መጥቶ የፈለግከውን ለምን ግን ለጎረቤትህ እጥፉን እሰጠዋለሁ ሲለው ሰውዬው አንድ ዓይኔን አጥፋልኝ ያለው። የሲልቨር ስፕሪንጓ "ይሄ ቀልድ ከኛ ውጪ ለማንም አይሆንም" አለች። አይ እቴ! ይሄው ታሪክ ዓይኑ ሳይቀር ከ1,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው የላቲን ተረት ውስጥ አለ፣ እዛ ላይ በመልአኩ ቦታ ያለው አፖሎ የሚባለው የጥንት አምላክ ነው፣ ምቀኛው ደግሞ ሮማዊ ይሁን ማን ይሁን ብቻ ሀበሻ አይደለም። በምቀኝነትም አንደኛ ነን ብሎ መኩራት ምን የሚሉት በሽታ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ስጠረጥር "ሀበሻ ክፉ ነው" የሚል ሰው ራሱን ከሀበሻ ውስጥ ቀንሶ ነው የሚያወራው፣ "ሰው ክፉ ነው" የሚለውም ራሱን ከሰው ውስጥ ቀንሶ ነው። ከመካከላችን "እኔ ክፉ ነኝ" ብሎ የጻፈ አንድም ሰው አልነበረም፣ ስክሮል አድርጌ አይቻለሁ።

ከዛ ዩቲዩበሩ መጣ። ሁሉም ግሩፕ ውስጥ አንድ አለ፣ ዶክመንተሪ አይቶ የሚመጣ። የሥነ ልቦና ተመራማሪውን ሚልግራምን አመጣ። በፈረንጆቹ 1961 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የጥናት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ፣ ሰዎቹን የማስታወስ ጥናት ነው ብለው አስገቧቸው፣ ሌላ ክፍል ያለው ሰውዬ በተሳሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ ንዘሩት እያሉ ቮልቱን እያሳደጉ፣ ሰውዬው ደግሞ የነሱ ሰው ነው፣ ንዝረቱም ውሸት ነው፣ ግን ነዛሪዎቹ ይሄን አያውቁም። ከ40ው 26ቱ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ሄዱ። "ይኸው! 65 ፐርሰንት!" አለ፣ እና የእሳት ኢሞጂ ዘነበ።

እሺ ይሁን። ግን ይሄን ጥናት የሚጠቅስ ሰው ሁሉ ለምንድነው እዛ ቁጥር ላይ የሚያቆመው? ሚልግራም እኮ አንድ ጊዜ አይደለም የሞከረው፣ እየቀያየረ ደጋግሞታል። አዛዡ ከክፍሉ ወጥቶ በስልክ ሲያዝ እስከ መጨረሻው የሚሄደው ወደ 20 ፐርሰንት ወረደ፣ አንዳንዶቹ እንደውም ጨመርኩ እያሉ ዝቅተኛውን ቮልት ነበር የሚነኩት፣ ልክ አለቃ ሲወጣ እንደምንሰራው። ሌሎች ሁለት ነዛሪዎች አብረውት ተቀምጠው (እነሱም የሚልግራም ሰዎች ናቸው) "እኔስ ይቅርብኝ" ብለው ሲነሱ ደግሞ እስከ መጨረሻው የሄዱት ከ40ው 4 ብቻ ናቸው። አራት! ያው ዓይነት ሰው፣ ያው ማሽን። እምቢ የሚል ሰው አጠገቡ ስለተቀመጠ ብቻ ክፋቱ የት ገባ? ይሄን ስጽፍ ዩቲዩበሩ "ቪዲዮው ላይ እሱ የለም" አለኝ። አይኖርማ።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የእስር ቤት ሙከራማ ባይነሳ ይሻል ነበር። 1971፣ 24 ተማሪ፣ በቀን 15 ዶላር፣ ግማሹ ዘበኛ ግማሹ እስረኛ፣ ሁለት ሳምንት የተባለው በስድስተኛው ቀን ተቋረጠ፣ ሰው ዩኒፎርም ሲለብስ አውሬ ይሆናል ተብሎ ዓለም ሁሉ ተማረው። ኋላ የድምፅ ቅጂዎቹ ወጥተው ሲደመጡ ዘበኞቹ በአጥኚዎቹ ጠንከር በሉ እየተባሉ ሲገፉ ይሰማል። ክፉ ሁኑ ተብለው ክፉ ሆኑ፣ ይሄ ትወና ነው እንጂ ተፈጥሮ ነው እንዴ?

የኪቲ ጄኖቬዜንም ታሪክ የላከች አለች፣ 1964 ኒውዮርክ ኩዊንስ፣ ሴትዮዋ በሌሊት ስትገደል 38 ጎረቤት በመስኮት እያየ ዝም አለ የተባለው። ያን ወሬ ያወጣው ጋዜጣ ራሱ 2016 ላይ ዘገባው የተዛባ ነበር ብሏል፣ ብዙዎቹ ያዩትም የሰሙትም ቁራጩን ነው፣ አንዷ ጎረቤቷ ደግሞ ገዳዩ ይኑር አይኑር ሳታውቅ በደረጃ ሮጣ ወርዳ አቅፋታለች። ይቺን ሴትዮ ማን ያስታውሳል? ማንም። በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ ከእንግሊዝ፣ ከኔዘርላንድስና ከደቡብ አፍሪካ ከተሞች የመንገድ ካሜራ 219 ጠቦችን ሲያይ ከአስሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ መንገደኛ መሃል ገብቷል። ለኛ ይሄ ጥናትም አይፈልግ፣ መርካቶ ሁለት ሰው ቢያያዝ ገላጋዩ ከተጣዪው ይበዛል እኮ። ከገላጋዮቹ አንዱ ደግሞ ግርግሩን ተጠቅሞ ኪስ ይበረብራል፣ እሱም አለ፣ አልካድኩም።

አራስ ያለችው ጓደኛችን "ልጄን እዩት፣ አሁን ይሄ ክፉ ነው?" ብላ ፎቶ ላከች፣ ከስሩ ሰላሳ ልብ። ስለ ሕፃናት ግን አንድ ደስ የሚል ጥናት ነበር፣ 2007 ላይ፣ እሱም ዬል፣ አሻንጉሊቶች ተራራ ሲወጡ አንዱ ያግዛል አንዱ ይገፈትራል፣ ሕፃናቱ አጋዡን መረጡ ተባለ። እኔም ወድጄው ነበር። በኋላ ብዙ ላቦራቶሪዎች ተባብረው ከአንድ ሺህ በላይ ሕፃናት ላይ ሲደግሙት ግማሽ በግማሽ ሆነ፣ ማለትም ሳንቲም ወርውረህ የምታገኘው ውጤት። ስለዚህ ደግ ሆነን እንወለዳለን የሚለውም በዚህ አይረጋገጥም፣ እያዳላሁ እንዳይመስላችሁ።

ሃይማኖት የገባው ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው፣ እዚህ ላይ ፈርቼ ነበር። አንዱ ዘፍጥረት 8፥21ን ለጠፈ፣ "የሰው ልብ አሳብ ከታናሽነቱ ጀምሮ ክፉ ነውና"። የሪያዱ ደግሞ አራት ደቂቃ ቮይስ ላከ (ቮይስ የሚልክ ሰው ክፉ መሆኑን እኔም እቀበላለሁ)፣ ልጅ ሁሉ በፊጥራ ነው የሚወለደው፣ ንፁህ ሆኖ፣ የሚያጣምመው በኋላ ያለው ነው አለ። ተጣሉ ስል ጭራሽ አንዱ የሌላውን መልእክት በልብ ኢሞጂ ሞላለት። እኔን የገረመኝ ግን የዘፍጥረቱ ጥቅስ ነው፣ ሰው ለኩነኔ ነው የሚጠቅሰው፣ ከፍ ብላችሁ ጥቅሱን ከመጀመሪያው ብታነቡት ግን ከጥፋት ውሃ በኋላ ነው፣ ምድርን ዳግመኛ ስለ ሰው አልረግምም ካለ በኋላ ነው "ክፉ ነውና" የሚለው። ምክንያቱ የምሕረት ምክንያት ነው! ያዘንኩት ለሌባው ባይሆንም ለዚህ ጥቅስ ነው፣ ግማሹን ቆርጠን ለስድብ ስንጠቀምበት።

ሳቁ የቆመው ብዙ የማይጽፈው ጓደኛችን ሲገባ ነው። "ዬል ድረስ ምን ወሰዳችሁ፣ መስቀል አደባባይ ጥግ የቀይ ሽብር ሙዚየም አለላችሁ" አለ። እናቱ በ69 እና በ70 ዓ.ም. ተማሪ ነበሩ። የጠቆመባቸው ሰው የሰፈራቸው ነው፣ በፊት ዱቄት ይበዳደሩ ነበር፤ ደብቀው ያሳደሯቸውም የሰፈራቸው ናቸው፣ ያውም ብዙም የማይዋደዷቸው ሴትዮ። ሴትዮዋ ለምን እንዳደረጉት ሲጠየቁ የሰጡት መልስ "እና ምን ላድርግ ታዲያ?" ነው፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። ለተወሰነ ጊዜ ማንም ስቲከር አልላከም።

እኔ ከዚህ በኋላ ነው የጻፍኩት፣ ረጅም ስለነበር "ብሎግ አድርገው" ተብዬ ተሰደብኩ፣ ይኸው አደረግኩት። የኔ ነጥብ ይሄ ነው፣ ጠቋሚውን "ሰው ክፉ ነው" ካልነው እኮ ነፃ አወጣነው። ሰው ሁሉ እንዲህ ከሆነ እሱ ምን አጠፋ? ሴትዮዋ ደግሞ ከየት መጡ? ስልኩንም የሰረቀው ሌባው ራሱ ነው፣ ሥራው የታወቀ፣ "የሰው ልጅ" የሚባል ነገር ታክሲ ሲጋፋ አልነበረም።

ደግሞ የእኛ ሰዎች ይሄን ጥያቄ ሳይመልሱ ነው ሥራቸውን የሰሩት። እድርን እዩት፣ ለቅሶ ሲሆን ሰው ይመጣል ብሎ ያምናል፣ ድንኳን ገዝቶ ወንበር ገዝቶ ያስቀምጣል፣ ቀሪ ደግሞ ይቀጣል። ደግ ነው ብሎ ሙሉ በሙሉ ቢያምን ቅጣቱ ለምን? ክፉ ነው ብሎ ቢያምን ድንኳኑ ለማን? እቁብም ያው ነው፣ ብሩን ያለ ባንክ ያለ ፍርድ ቤት ለአንድ ሰው እጁ ላይ ታስቀምጥለታለህ፣ ግን ዕጣው ቀድሞ ከወጣለት ዋስ ይጠራል፣ አለቀ። ዋስ የሚሆነውም ያው ሰው ነው እኮ፣ ከሰማይ የመጣ አይደለም። እኔ ከሚልግራም ሁለት እምቢ ባዮች ጋር አንድ ሆኖብኛል፣ ሰውን ብቻውን ስታስቀምጠውና የሚያፍረው ሰው አጠገቡ ስታደርግለት አንድ አይደለም።

ይሄን ስል የእቁባችን ፀሐፊ ሳቀች። ምክንያቱም አምና እዚሁ ግሩፕ ውስጥ እቁብ ጀምረን የመጀመሪያው ዕጣ የወጣው "ሰው በተፈጥሮው ጥሩ ነው" እያለ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከር ላደረው ልጅ ነበር። ዋስ አምጣ ሲባል "አታምኑኝም ማለት ነው?" ብሎ ቀወጠው። እሷም "ኧረ በደንብ እናምንሃለን፣ ዋስ ጥራ" አለችው። ኮርፎ ሰነበተና አጎቱን ጠራ።