ባዶዋ ቱቦ

በፈረንጆቹ 2024፣ ኤፕሪል ላይ ነው። የምሠራው አሜሪካ ውስጥ የእንስሳት በሽታ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ (ላብ) ነው። ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን የቴክሳስና የካንሳስ የወተት ላሞች ላይ መገኘቱ ከተነገረ ገና ጥቂት ሳምንት ነው። ፍሪጃችን በወተት ናሙና ተጨናንቋል። ቴክሳስ ውስጥ ከላሞች ጋር የሚሠራ አንድ ሰውም ተይዞ ነበር። ሕመሙ ዓይኑ ከመቅላት አላለፈም፤ ዳነ። ከእሱ የተወሰደው ቫይረስ ግን ፒቢ2 የሚባለው ፕሮቲን ላይ 627ኛው ቦታ ተቀይሮ ተገኘ።

ይቺ ቦታ እንዲሁ የምትታለፍ አይደለችም። የወፍ ቫይረስ የለመደው የወፍን ሕዋስ ነው፤ የወፍ ሰውነት ደግሞ ከእኛ ይሞቃል። 627 ላይ ያለው ኢ የሚባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ኬ ወደሚባለው ሲቀየር ቫይረሱ ሰው ውስጥም ይበልጥ በቀላሉ መባዛት ይችላል። ለዚህ አንዲት የዘረመል ፊደል ትበቃዋለች። ጂ የነበረችው ኤ ትሆናለች፣ አለቀ።

አንድ ማታ የአንድ ላም ወተት ውጤት ስከፍት 627 ላይ ኬ አየሁ። ማሽኑ ካነበባቸው የዘረመል ቁርጥራጮች ሲሶው ላይ አለ። ልቤ ድው አለ። 1997 ላይ ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰው ይዞ 6 የገደለው የዚሁ ቫይረስ ዘመድ እኮ ነው! ወዲያው ለአለቃዬ ኢሜይል ላክሁ። ከዚያ ሮጬ ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ የአገሬ ሰው ናቸው፤ ላብ ውስጥ ነው ያረጁት።

«አንቺ ልጅ፣ ባዶዋን አይተሻል?» አሉኝ።

ባዶዋ ውሃ ብቻ የምንጨምርባት ቱቦ ናት። ናሙናዎቹ የሚያልፉበትን ሁሉ አብራ ታልፋለች፤ ምንም ሊገኝባት አይገባም። አላየኋትም ነበር። ስከፍታት ኬ እዚያም አለች።

ጋሼ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «በይ አሁን ጎረቤቶቿን እዪ።» ኬ ያለባቸውን ቁርጥራጮች ለየን። ግራና ቀኝ ያሉት ፊደላትም ከላሞቹ ቫይረስ ጋር አይገጥሙም። የገጠሙት ከፒአር8 ጋር ነው። ፒአር8 በ1934 ከሰው የተወሰደ፣ ላቦች እስከ ዛሬ የሚሠሩበት ቫይረስ ነው። የሰው ስለሆነ 627 ላይ ድሮም ኬ ነው ያለው። የፒአር8ን ቱቦ ጠዋት ለማነጻጸሪያ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ጓንት ሳልቀይር የወተቱን ቱቦዎች ነካሁ።

ያኔውኑ ሁለተኛ ኢሜይል ጻፍኩ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ሳልሸፋፍን። በዚያች ወሬ እርባታው ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ስንት ቀን ይጨነቁ እንደነበር ሳስበው አሁንም ይከብደኛል። ጋሼ ግን አልተቆጡኝም። «ይህ ደርሶብኛል ብለሽ ሌላ ቀን ኬ ስታዪ እንዳትንቂ። የቴክሳሱ እውነት ነበር» ብቻ አሉኝ።

በማግስቱ ናሙናውን ከወተቱ ጀምሬ እንደ አዲስ ሠራሁት። ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የከፈትኩት ባዶዋን ነው። አንድም ቁርጥራጭ የለባትም። ከዚያ ወተቱን ከፈትኩ፤ 627 ላይ ያለው ኢ ነው።