ዜሮ ብሎ መጻፍ

የቆጠራ ደብተሬን ስገልጥ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ባዶው ሳጥን ነው። የተሰረዘ ቁጥር አለ፣ ጭቃ የነካው ገጽ አለ፣ አንዱን ገጽ ደግሞ ጊደሯ ልሳዋለች። እሱ ሁሉ ችግር የለውም። ባዶው ግን ያበግነኛል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን አባዬ በረቱ አጠገብ ቆሞ የደረቀ እበት በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገና፣ «ድሮ ይሄ ወዲያው ድራሹ ይጠፋ ነበር። አሁን ተጋግሮ ይከርማል» አለ። እሱ ብሎ አለፈ። እኔን ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ማን ነበር የሚያጠፋው?

ጢንዚዛ ነው። የእበት ጢንዚዛ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ኳስ የምታንከባልለውን ነው። አብዛኞቹ ግን አያንከባልሉም። አንዳንዶቹ እዚያው እበቱ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሌሎቹ ከሥሩ ቆፍረው እበቱን ወደ አፈር ያወርዱታል። እነሱ ሲሠሩ ውሃ ይሰርጋል፣ ሣሩ ማዳበሪያውን ያገኛል፣ ዝንብም መራቢያ ያጣል። ካልሠሩ ምን እንደሚመጣ አውስትራሊያ አይታዋለች። ከብት ከውጭ ገባ፤ የአገሩ ጢንዚዛዎች የለመዱት ግን የካንጋሮን ደረቅ ፍግ ነበርና የላሙን እርጥብ እበት አብዛኞቹ ዞር ብለውም አላዩት። መስኩ በእበት ተሸፈነ፣ ዝንቡም ተራባ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአገሪቱ የሳይንስ ምርምር ተቋም ጢንዚዛ ከሌላ አህጉር ማስመጣት ጀመረ። ጢንዚዛ ኢምፖርት ሲደረግ አስቡት!

እኔም መቁጠር ጀመርኩ። ዘዴው ቀላል ነው፣ የሚጠይቀው መጠየፍን መተው ብቻ ነው። ትኩስ እበት ሳገኝ አጠገቡ ችካል እተክላለሁ። በሁለተኛው ቀን ከሥሩ ካለው አፈር ጋር በአካፋ አነሳውና ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ እከተዋለሁ። አማስለዋለሁ። ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ጢንዚዛዎቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ።

የመጀመሪያዋን አልረሳትም። ጥቁር ናት፣ ከጥፍሬ ብዙም አትበልጥም። መዳፌ ውስጥ አስገብቼ ስጨብጣት በጣቶቼ መሃል መቆፈር ጀመረች። የፊት እግሮቿ እንደ መጋዝ ጥርስ አላቸው። ጨበጥ ባደረግኩ ቁጥር ጣቶቼን ትከፍታቸዋለች፣ ያን ሁሉ ጉልበት ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ገልብጬ ሳያት ሆዷ ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች ይንቀሳቀሳሉ። ለካ ነጠብጣብ አይደሉም፣ የመዥገር ዘመድ የሆኑ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ክንፍ ስለሌላቸው ከአንዱ እበት ወደ ሌላው የሚሄዱት በእሷ ላይ ተሳፍረው ነው። ነጻ ትራንስፖርት።

ፎቶዋን አይናቹራሊስት ላይ ጫንኩት፤ ሰዎች ያዩትን ሕያው ነገር ለጥፈው ስሙን በጋራ የሚለዩበት መድረክ ነው። በልበ ሙሉነት አንድ ስም ሰጠኋት። አንድ የማላውቀው ሰው በትህትና አረመኝ፤ ሌሎችም ከእሱ ጋር ተስማሙ። ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ስድስት ወር ቆጠርኩ። ከዚያ ቁጥሮቹን ኮምፒውተር ላይ ላስገባ ስቀመጥ ጉዱ ወጣ። ጢንዚዛ ባገኘሁ ቀን ቁጥሩን ጽፌአለሁ። ባላገኘሁ ቀን ግን ምንም አልጻፍኩም፤ ምን የሚጻፍ አለ ብዬ። ታዲያ ባዶው ሳጥን ምን ማለት ነው? ሄጄ ፈልጌ አጣሁ? ወይስ ዝናብ ጥሎ ቤት ቀረሁ? ወይስ ሰንፌ ተኛሁ? ራሴን ብጠይቅ ራሴ አላውቅም። ደግሞ የተጻፉትን ብቻ ደምሬ ሳካፍል መስኩ በጢንዚዛ የተጥለቀለቀ ይመስላል። ያጣሁባቸው ቀናት በሙሉ ከስሌቱ ወጥተዋላ!

ያን ሰሞን ስለ ዳርዊን ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። ሰውየው አንዲት ጠባብ መሬት ቆፍሮና አጽድቶ፣ የሚበቅለውን አረም ሁሉ ምልክት ያደርግበት ነበር። 357 ቡቃያ ወጣ። ከእነሱ 295ቱ ሞቱ፣ አብዛኞቹን ቀንድ አውጣ መሳዮችና ነፍሳት ጨረሷቸው። መጨረሻ ላይ መጥቶ የቆመውን ብቻ ቢቆጥር የሚያየው 62 ብቻ ነበር። እልቂቱን ማንም አያውቀውም ነበር።

ስድስት ወሩን ጣልኩት። በቃ፣ ከመጀመሪያው።

አሁን የምጠረጥረው ለከብቶቹ የምንሰጠውን የትላትል መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲንን ነው። አይቨርሜክቲን የተሰጣት ላም መድኃኒቱን በእበቷ ታስወጣዋለች፤ ቅሪቱም የጢንዚዛ እጮችን ይጎዳል። ይሄ የታወቀ ነው። የእኛ መስክ ላይ ግን ይሄ ነው ወይ ችግሩ? ከብቶቹን ለሁለት ከፈልኩ። መድኃኒት የወሰዱትን ላይኛው መስክ፣ ያልወሰዱትን ታችኛው። ውጤቱ ደግሞ ልክ እንደጠበቅኩት ሆነ! ታች ጢንዚዛ ሞልቷል፣ ላይ ዜሮ በዜሮ። ለአባዬ እየሮጥኩ አሳየሁት።

ወረቀቱን አየት አደረገና፣ «ታችኛው እኮ ሁሌም እርጥብ ነው» አለኝ። «አፈሩም ለስላሳ ነው። እኔ ጢንዚዛ ብሆን መድኃኒት ኖረም አልኖረም ታች ነበር የምቆፍረው።»

ምን ልበል? ልክ ነው። መድኃኒቱን የለካሁ መስሎኝ እርጥበቱን ስለካ ከርሜአለሁ። ቦታ ማለዋወጥ ነበረብኝ፣ ግን ለዚያ መንጋው እስኪቀያየርና የድሮው እበት እስኪጠፋ መጠበቅ አለ።

መሃል ላይ ታምሜ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ደብተሩን ለአባዬ ሰጠሁት፣ ብዙም ተስፋ ሳላደርግ። ስነሳ ገለጥኩት። በዚያ ትልልቅ የእጅ ጽሑፉ «0» ይላል። ቀጥሎ «0»። ቀጥሎ «ዝናብ፣ አልወጣሁም»። ቀጥሎ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት «0»፣ ከጎኑ «በደንብ ተፈልጓል»። አንድም ባዶ ሳጥን የለም። ያን ሁሉ ወር እኔ ያልገባኝን እሱ እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅኩትም።

መድኃኒቱን ጨርሶ እንተወው ስለው ግን አባዬ በጄ አይልም። «ጥጃ ሞቶ ጢንዚዛ ቢበዛ ምን ይጠቅመኛል?» ይላል። እሱም ልክ ነው። ስለዚህ ተስማማን፦ የእያንዳንዷን እበት በማይክሮስኮፕ አስመርምረን፣ የትላትል እንቁላል የበዛባትን ብቻ እናክማለን። ናሙናው ወደ ምርመራ እስኪወሰድ ቀዝቃዛ ቦታ መቆየት አለበት። ዛሬ የዘጠኝ ላሞች እበት በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ቁጥር ጽፌበት፣ ፍሪጅ ውስጥ ከወተቱ ጀርባ አስቀምጫለሁ። እማዬ ገና አላየችውም።