ጅማ ላይ ቅድመ አያቶቼን ስፈልግ

የእናቴ አያት ከሸዋ በቅሎ ጭነው፣ ጊቤን ተሻግረው ለቡና ንግድ ጅማ እንደገቡና እዚያው ጎጆ እንደቀለሱ በቤታችን ሲነገር ኖሯል። ሲራራ ነጋዴ እንደነበሩ ይታወቃል፤ ስለ እሳቸው ከዚህ ያለፈውን የሚያውቅ ግን ከቤተሰባችን አልተረፈም። ዘንድሮ ጅማ የወረድሁት ለዚሁ ነው።

የአባት ስም በየትውልዱ በሚቀየርበት አገር የሦስትና የአራት ትውልድ ስም ብቻ ይዞ መፈለግ ብዙ አያራምድም፤ ሰፈርንና ሙያን ይዞ መጠየቅ ይሻላል። ስለዚህ ከሂርማታ ጀመርሁ። ሂርማታ፣ ከ1870 ዓ.ም. ገደማ አንሥተው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ከጅሬን ኮረብታ ብዙም ሳይርቅ፣ የየአገሩ ሲራራ ይገናኝበት የነበረ ታላቅ ገበያ ነው። ንጉሡ ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ስላስጠበቁ አገሩ ከጥፋት ተርፎ ንግዱ ደርቷል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመንም ከተማው በዚያው በገበያው ዙሪያ ሰፋ።

የቅድመ አያቴን ስም ያወቀ ሰው አላገኘሁም። አንዲት አዛውንት ግን «ሚስታቸውስ ምን ይሠሩ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ጠጅ ይጥሉ እንደነበር፣ ነጋዴም ያሳድሩ እንደነበር ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «እንዴ! የሊሟ ሴትዮ ናቸዋ፤ እናቴ ስማቸውን ጠርታ አትጠግብም ነበር!» አሉና፣ ከእናታቸው የሰሙትን በከዘራቸው መሬት ላይ እየሠመሩ ነገሩኝ፤ በቅሎዎቹ የሚታሰሩበት እዚህ፣ የጠጁ ጋን እዚያ፣ የእንግዳ መኝታ ከጓዳው ጀርባ።

በቤታችን ዘር ሲቆጠር እኒህ ሴት ተነሥተው አያውቁም፤ የሚጠሩት አባቶች ብቻ ናቸው። ሰፈሩ ያስታወሰው ግን እሳቸውን ነው፤ እኛ መዘንጋታችን እጅግ ያሳዝነኛል። ሊሙ ደግሞ ሂርማታ ሳይገን በፊት የጊቤ አካባቢ ነጋዴ ሁሉ ይሰበሰብበት የነበረው የሰቃ ገበያ አገር ናት፤ የነጋዴ እንግዳ መቀበሉ ከቤታቸው የወረሱት ሙያ ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ።

ቀጣዩ መንገዴ ወደዚያው ነው። ኦሮሞ ዘንድ ወገን የሚፈለገው በጎሳ ስለሆነ፣ የሊሟን ሴትዮ የጎሳ ስም ከአዛውንቷ ዘመዶች እስካገኝ እየጠበቅሁ ነው፤ የልጅ ልጃቸውም በኦሮምኛ እየጠየቀች ይዛኝ ልትሄድ ተስማምተናል።