ተራራውን ሳላይ ገመዱን አየሁ

ስዊዘርላንድ ውስጥ ያለችው ዘርማት የሄድኩት ማተርሆርን የሚባለውን ተራራ ለማየት ነበር። ተራራው ግን ደመናውን ተከናንቦ ጠበቀኝ።

ሌሊቱም አልሆነልኝም። የጋራ መኝታ ክፍል ነው የያዝኩት። አንዱ ተራራ ወጪ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የግንባር ባትሪውን አብርቶ ጓዙን ያንኳኳ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ሲንኳኳ ቆየና በመስኮት አየ። ዝናብ! ተመልሶ ተኛ፤ ወዲያው ማንኮራፋት። እኔ ፍጥጥ እንዳልኩ ነጋ።

የቀረኝ የተራራ መውጣት ታሪክ ያለበት ሙዚየም ነው። እሱም ያን ሰሞን የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ነበር። እስኪከፈት አንዲት ስኒ ቡና በ6 ፍራንክ ጠጣሁ። ዋጋውን እያሰብኩ ስለጠጣኋት ጣዕሟን አላስታውስም።

ሙዚየሙ ከመሬት በታች ነው። በደረጃ ሲወርዱ የድሮ የእንጨት ቤቶች ያሉበት መንደር አለ። ቶሎ ቶሎ አለፍኳቸው። ልቤ ያለው ገመዱ ጋ ነው።

በፈረንጆቹ ሐምሌ 14 ቀን 1865፣ በእኛ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን መሆኑ ነው፣ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐር ከስድስት ሰዎች ጋር 4,478 ሜትሩን ማተርሆርን ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። ሲወርዱ ሁሉም በገመድ ተያይዘው ነበር፤ ከመካከላቸው ልምድ ያልነበረው ሃዶው አዳለጠውና ከፊቱ የነበረውን መንገድ መሪ ሚሼል ክሮን ይዞት ወደቀ። ሃድሰንና ሎርድ ዳግላስም ተጎትተው ተከተሉ። ከዳግላስ በላይ የነበረው መንገድ መሪ ፒተር ታውግዋልደር ነው። ገመዱ በሁለቱ መካከል ተበጠሰ። ሦስት ሰው ብቻ ተረፈ። የዳግላስ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ገመዱ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ልብስ ማስጫ ነው የሚመስለው! ደብረ ዳሞን በጠፍር የወጣሁ ሰው ነኝ፤ መነኮሳቱ በዚህ እንጎትትህ ቢሉኝ ኖሮ ከታች ተሳልሜ እመለስ ነበር። ይዘዋቸው ከሄዱት ገመዶች ደካማው ይሄ መሆኑ ደግሞ ያበሳጫል።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። “ተቆርጦ ነው ተበጥሶ?” አሉኝ። ታውግዋልደር ራሱን ለማዳን ቆርጦታል የሚል ሐሜት ነበር፤ ምርመራው ነፃ ቢያወጣውም ሐሜቱ አልለቀቀውም። ጫፉን አየሁት፤ ክሩ ተንጨባሯል።

“ተበጥሶ ነው” አልኳቸው።

ወንድማቸውን ከእስር ያስፈታሁላቸው ያህል እጄን ጨበጡኝ። “ቢላዋ የሚያወጣበት ጊዜስ ከየት አምጥቶ!”

አብረን ወጣን። ዝናቡ አባርቷል፤ ደመናው እንዳለ ነው። ሽማግሌው በጣታቸው እያሳዩ “እዚያ ጋ ነው” አሉኝ። ፎቶ አነሳሁት። ስልኬ ላይ አለ፤ ነጭ በነጭ።